ከረጢቱ ላይ የጎደለው ቁጥር

ጎንደር ውስጥ ለባልትና አምራቾች፣ ለሱቅ ባለቤቶችና ለንግድ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባሉት ሱቆች አንድ ኪሎ ሽሮ፣ አንድ እሽግ በርበሬ ወይም አንድ ጠርሙስ ዘይት አንሥታችሁ ጀርባውን ብትመለከቱ፣ በጥቁርና በነጭ መስመሮች የተሠራውን ባርኮድ ታገኛላችሁ፤ ካልሆነም ምንም አታገኙም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በአንዳንዱ ላይ አራት ማዕዘኑ ኪውአር ኮድ ብቅ ብሏል። በዓለም ዙሪያ የምርት ማሸጊያዎች ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው በመሸጋገር ላይ ናቸው። ይህ ሽግግር ወደ እኛም መምጣቱ አይቀርም፤ ጥያቄው ስንቀበለው በአራት ማዕዘኑ ውስጥ ምን እናስገባበታለን የሚለው ነው። የኔ መልስ ከወዲሁ ይታወቅ፦ የባች ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ዙር አብሮ ለታሸገ ምርት የሚሰጥ ቁጥር፣ እና የማብቂያ ቀን። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉበት ለኅትመት የምናወጣው ገንዘብ ያሳዝነኛል።

ነገሩን ከመነሻው ልጀምር። ኖርማን ጆሴፍ ዉድላንድና በርናርድ ሲልቨር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ዕቃን በመስመር ለይቶ የማወቅ ዘዴ ፈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 የፈጠራ መብት ጠየቁ፤ በ1952 ተፈቀደላቸው። ዉድላንድ በልጅነቱ በቦይ ስካውት ፊደልን በነጥብና በሰረዝ የሚጽፈውን የሞርስ ኮድ ተምሮ ነበር። ማያሚ ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ነጥብና ሰረዙን አሸዋው ላይ በጣቶቹ ወደ ታች ሲስባቸው ቀጭንና ወፍራም መስመር ሆነው አያቸው። ሐሳቡ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ተኝቶ ቆየ፤ መስመሩን የሚያነብ ርካሽ መሣሪያ ገና አልነበረምና። በኋላ አይቢኤም ውስጥ ጆርጅ ላውረር ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ አዘጋጀ፤ የአሜሪካ የምግብ ነጋዴዎችም በ1973 ተስማሙበት። በማግስቱ ዓመት ኦሃዮ ውስጥ ትሮይ በምትባል ከተማ፣ ማርሽ በተባለ ሱፐርማርኬት፣ አንድ እሽግ የሪግሊ ማስቲካ በስካነር አልፎ በ67 ሳንቲም ተሸጠ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደርግ ሊቋቋም ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። በዚህ መካከል ስንት መንግሥት ተለዋወጠ፤ ባርኮዱ ግን ያንኑ ሥራውን እየሠራ እዚህ ደርሷል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጉድለቱ ስናገር ውለታውን ረስቼ አይደለም።

አሁን ባለ 13 አሃዙን ባርኮድ ቀረብ ብለን እንየው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ቁጥሩን የሰጠው የጂ ኤስ ዋን አባል ድርጅት የየት አገር እንደሆነ ያመለክታሉ። ጂ ኤስ ዋን የምርት ቁጥሮችን ሥርዓት በዓለም ደረጃ የሚመራው ድርጅት ነው። ብዙ ሰው ሦስቱን አሃዝ አይቶ ዕቃው የተሠራው እዚህ አገር ነው ሲል እሰማለሁ፤ አሃዞቹ የሚናገሩት ግን ቁጥሩ የት እንደተመዘገበ ብቻ ነው። ቀጥለው የሚመጡት አምራቹንና ምርቱን ይለያሉ። የመጨረሻው አሃዝ መቆጣጠሪያ ነው፦ ከግራ ስትቆጥሩ በሁለተኛ፣ በአራተኛ፣ በስድስተኛ እያለ ለሁለት በሚካፈል ቁጥር ተራ ያሉትን በሦስት አባዝታችሁ የቀሩትን ስትደምሩበት፣ ጠቅላላው ለ10 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። አንድ አሃዝ ቢሳሳት ስሌቱ ይፋለሳል፤ ማሽኑም ቁጥሩን አይቀበልም። ዋጋው በመስመሮቹ ውስጥ የለም፤ ዋጋው ያለው በሱቁ ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

እንግዲህ ጉድለቱ። አንዲት እናት ትናንት ያሸጉት ሽሮና አምና አሽገው ከመደርደሪያ ጥግ የቀረው ሽሮ አንድ ዓይነት ባርኮድ ይይዛሉ። ባርኮዱ «ይህ የእርሳቸው አንድ ኪሎ ሽሮ ነው» ይላል፤ መቼ እንደታሸገ፣ ከየትኛው የሽምብራ ግዢ እንደመጣ፣ መቼ እንደሚያበቃ አያውቅም። ቀኑ ካለም ከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ ወይም በማኅተም የተጻፈ ነው። ከረጢቱ ሲታሻሽ ይለቃል። ስካነሩም አያየውም፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ደግሞ ወረፋው ሲበዛ ለማየት ጊዜ የላትም።

አራት ማዕዘኑ ኮድ የተወለደው ከዚሁ ችግር ነው። ጃፓን ውስጥ ዴንሶ የተባለው የመኪና ዕቃ አምራች ሠራተኞች በአንድ ሳጥን ላይ የተለጠፉ በርካታ ባርኮዶችን አንድ በአንድ ማንበብ ሰልችቷቸው ነበር። ማሳሂሮ ሃራ የሚባል መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1994 እ.ኤ.አ. ኪውአር ኮድን አወጣ። ባርኮድ መረጃውን የሚይዘው ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ነው፤ ቁመቱ ምንም አይጨምርም። ኪውአር ኮድ ግን ወደ ጎንም ወደ ታችም ይጽፋል፤ ትልቁ ከ7,000 በላይ አሃዝ ይይዛል። በሦስቱ ማዕዘኖች ያሉትን ጎላ ያሉ ካሬዎች አስተውሏቸው። መካከላቸውን አቋርጣችሁ ብትለኩ የጥቁሩና የነጩ ውፍረት በየትኛውም አቅጣጫ 1፣ 1፣ 3፣ 1፣ 1 ይሆናል። ይህን ምጥጥን የመረጡት በጋዜጣና በካርቶን ኅትመት ውስጥ እምብዛም የማይገጥመውን ለይተው ነው፤ ካሜራው ኮዱ የት እንዳለና ወደየት እንደዞረ ወዲያው የሚያውቀው በዚህ ነው። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ይዞ ሳለ ማንም ሳይከፍል እንዲጠቀምበት መፍቀዱን ሁልጊዜ በአክብሮት አነሣዋለሁ። ይህ ባይሆን ኖሮ ዛሬ በቴሌብር ክፍያ፣ በባንክ ደረሰኝና በፋይዳ መታወቂያ ላይ ባላየነው ነበር።

ሌላም ብልሃት አለው። መረጃውን ሲጽፍ ለመጠገኛ የሚሆን ትርፍ አብሮ ይጽፋል፤ በከፍተኛው ደረጃ ከተዘጋጀ እስከ 30 በመቶው ያህል ቢበላሽ እንኳ ይነበባል። ዘይት ለምታሽጉ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከክዳኑ ሥር የወረደ ዘይት መለያ ወረቀቱን ምን እንደሚያደርገው ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

አራት ማዕዘኑ ኮድ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ማየት ከፈለጋችሁ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ከውጭ የመጣ የመድኃኒት ካርቶን ፈልጉና ጎኑን ተመልከቱ። በብዙዎቹ ላይ ከትንሿ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ በሁለት ጎኑ ድፍን ጥቁር መስመር፣ በሌሎቹ ሁለቱ የተቆራረጠ ነጠብጣብ ያለው ኮድ ታገኛላችሁ። ይህ ኪውአር አይደለም፤ ዳታ ማትሪክስ የሚባል ሌላ ዓይነት አራት ማዕዘን ኮድ ነው። በውስጡ መረጃው በየተራው ተቀምጧል፤ እያንዳንዱም መረጃ ከፊቱ መለያ አለው። 01 ካለ ቀጥሎ የሚመጣው የምርቱ ቁጥር ነው፤ 14 አሃዝ ስለሚፈልግ ባለ 13ቱ ቁጥር ከፊቱ ዜሮ ይጨመርለታል። 17 ካለ የማብቂያ ቀን ነው። 10 ካለ የባች ቁጥር ነው። 21 ካለ ለዚያች አንዲት ካርቶን ብቻ የተሰጠ መለያ ቁጥር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡ መድኃኒቶች ላይ ይህን ከየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ አድርጓል፤ አንድ መለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ለሽያጭ ቢቀርብ አንደኛው ካርቶን ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችል ወዲያው ይታወቃል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ለመድኃኒት ክትትል የያዘው ይህንኑ የጂ ኤስ ዋን ሥርዓት ነው። አንድ የመድኃኒት ባለሙያ የማብቂያ ቀንን ከኮዱ ማንበብ ከቻለ፣ ልጆቻችን የሚበሉት ሽሮ ከዚህ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

በምግቡ ዘርፍ ጂ ኤስ ዋን ያስቀመጠው ግብ እስከ 2027 መጨረሻ፣ በእኛ እስከ ታኅሣሥ 2020 ዓ.ም. ድረስ፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ የችርቻሮ ገንዘብ መቀበያዎች ባርኮዱንም አራት ማዕዘኑንም ማንበብ እንዲችሉ ነው። ባርኮድ በዚያ ቀን ይሻራል ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ብዙ ይቆያሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ዉልዎርዝስ የተባለው ሱፐርማርኬት ቀድሞ ጀምሯል፤ ቀኑና ባቹ በኮዱ ውስጥ ስላለ፣ ጊዜው ያለፈ ሥጋ ገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ማሽኑ ሽያጩን ያግዳል። ሠራተኛው ቀኑን ቢያይም ባያይም ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ አትቀየሙኝ። እኛ ከሌላው ዓለም የተለየ ችግር አለብን፤ እርሱም የዘመን አቆጣጠራችን ነው። አንድ የበርበሬ እሽግ የሚያበቃው መጋቢት 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው እንበል። አምራቿ 06/07/2019 ብለው ያትማሉ፤ መጋቢት ሰባተኛው ወራችን ነውና ትክክል ናቸው። ይህን እሽግ ጥምቀትን ሊያከብር የመጣ እንግዳ ቢያነሣው ሐምሌ 2019 እንደ አውሮፓውያን ብሎ ያነበዋል፤ ከዓመታት በፊት የተበላሸ ነው ብሎም መልሶ ያስቀምጠዋል። የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል። ያው ቀን በአውሮፓውያን መጋቢት 15 ቀን 2027 ስለሆነ ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ 03/2027 ተብሎ ይታተማል። የእኛ ሱቅ ሻጭ ሲያየው ኅዳር 2027 ዓ.ም. መስሎት ገና ብዙ ዓመት አለው ይላል። ልዩነቱ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ያልፋል። የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ ይህ ስሕተት ቢፈጠር ምን እንደሚከተል አስቡት።

በኮዱ ውስጥ ግን ቀን የሚጻፈው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሁለት ሁለት አሃዝ፣ ሁልጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። የዚያች በርበሬ ቀን 270315 ይሆናል። ማሽን በዚህ ላይ አይወዛገብም። እናንተ ግን ስታስጽፉ ጠንቀቅ በሉ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንደወረደ ካስገባችሁት ኮዱ ሐሰት ይናገራል። ጳጉሜን ላይ ሲሆን ጭራሹን አይሆንም፤ በኮዱ ሥርዓት አሥራ ሦስተኛ ወር የለምና። ጳጉሜን 3 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚያበቃ ምርት በኮዱ ውስጥ 260908 ተብሎ ነው የሚገባው። አንባቢው ሶፍትዌር መልሶ ለሰው ሲያሳይ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ ይችላል፤ ስሌቱ ቀላል ነው። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የኮምፒውተር ተማሪዎች ይህን ብትሠሩልን ለከተማችን ሱቆች ትልቅ አገልግሎት ነው።

የባች ቁጥርን ደግሞ ከደኅንነት ጋር አያይዤ ላስረዳ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በበርበሬና በለውዝ ላይ የታወቀ ስጋት ነው፤ እርጥበት ሳይወጣለት የተከማቸ እህል ያመጣዋል፤ በዓይን አይታይም፤ ማብሰልም አያጠፋውም። አንዲት አምራች ከአምስት ግዢዎች በርበሬ አስፈጭተው አምስት ጊዜ አሸጉ እንበል። ከአምስቱ አንዱ ላይ ችግር ተገኘ። ከረጢቶቹ ላይ ያለው ባርኮድ ብቻ ከሆነ አምስቱም አንድ ናቸው፤ ወይ ሁሉንም ከየሱቁ መሰብሰብ አለባቸው፣ ወይም ዝም ማለት። ሁሉንም መሰብሰብ ያከስራል፤ ዝም ማለትን በዚህ ቤት የሚመርጥ ሰው አለ ብዬ አላስብም። ባቹ በኮዱ ውስጥ ካለ አንዱን አምስተኛ ብቻ ይጠራሉ፤ የቀረው ሥራውን ይቀጥላል።

ይኸው ነገር በሰሊጡም አለ። ከመተማና ከሁመራ የሚወጣው ሰሊጥ የዚህ አካባቢ ትልቁ ሀብት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰሊጥ ሳልሞኔላ በተባለው ምግብ በካይ ባክቴሪያ ስጋት ተጨማሪ ፍተሻ ከሚደረግባቸው ምርቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በንጽሕና ያበጠረውና ያከማቸው ነጋዴ ካላበጠረው ጋር አብሮ ይፈተሻል፤ በስም አንድ ናቸውና። እያንዳንዱ ጭነት ከየትኛው መጋዘን፣ በየትኛው ባች እንደወጣ የሚያሳይ መዝገብና ኮድ ፍተሻውን በአንድ ጀምበር አያስቀርም፤ ነገር ግን ችግር በተገኘ ቀን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል። ለፍቶ ያጸዳ ሰው ልፋቱ የሚታይበት መንገድ ሊኖረው ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ አሳስቦኛል። ኪውአር ኮድ ያላቸው ብዙ እሽጎችን በስልኬ አንብቤያቸዋለሁ። ኮዱ የሚወስደው ወደ ቴሌግራም ቻናል ወይም ወደ ፌስቡክ ገጽ ነው። ማስታወቂያ ክፉ አይደለም። ሆኖም የገንዘብ መቀበያው ማሽን እንዲህ ያለውን ኮድ ቢያነበው የምርት ቁጥር አያገኝበትም፤ ባችም ቀንም የለበትም። ጂ ኤስ ዋን ለዚህ ያዘጋጀው አጻጻፍ አለ። አድራሻው የድረ ገጽ አድራሻ ይሆናል፤ በአድራሻው ውስጥ ግን ቀድሜ የነገርኳችሁ 01፣ 10 እና 17 ከነመረጃቸው ይገባሉ። ስልክ ሲያነበው ገጽ ይከፍታል፤ ማሽን ሲያነበው ቁጥሮቹን ብቻ መርጦ ይወስዳል። ገጹም የስልኩን ቋንቋ ተከትሎ ለእኛ በአማርኛ፣ ለእንግዳው በራሱ ቋንቋ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። የአማርኛ ጽሑፍን ኮዱ ውስጥ ራሱ መክተት ግን አልመክርም፤ አንድ የግእዝ ፊደል የሦስት የላቲን ፊደል ቦታ ስለሚወስድ ኮዱ ይደቅቅና ለማንበብ ያስቸግራል።

ወጪውን ሳልነግራችሁ ባልፍ አላምናችሁም ትሉኛላችሁ። ባርኮድ ለሁሉም እሽግ አንድ ስለሆነ ማተሚያ ቤቱ ከከረጢቱ ሥዕል ጋር አንድ ጊዜ ያትመዋል። ባችና ቀን ግን በታሸገ ቁጥር ይለወጣሉ፤ ስለዚህ ኮዱ መታተም ያለበት በምታሽጉበት ቤትና ሰዓት ነው። ለዚህ ተለጣፊ ወረቀት የሚያትም ትንሽ ማሽን ያስፈልጋል። ለአንድ አነስተኛ አምራች ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት አምራቾች በጋራ ቢገዙት ግን ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ከረጢቱ ላይ የታተመው ባርኮድ እንዳለ ይቆይ፤ ተለጣፊው አራት ማዕዘን ባችና ቀኑን ይዞ አጠገቡ ይለጠፍ። የምርት ቁጥሩን የምትወስዱት ከጂ ኤስ ዋን ወይም ከአባል ድርጅቶቹ ብቻ ይሁን። ከሌላ ዕቃ ላይ ተቀድቶ የተለጠፈ ቁጥር አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ውስጥ ሽሯችሁን ሳሙና ብሎ ይሸጠዋል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር፤ በተለይ በርበሬ ለምታሽጉ። ከረጢቱን ቀይ ማድረግ ትወዳላችሁ፤ ያምራልም። አንዳንድ ማተሚያ ቤት ቀለም ለመቆጠብ ባርኮዱንም በዚያው ቀይ በነጭ መደብ ላይ ያትመዋል። የተለመደው ስካነር የሚያበራው ቀይ ብርሃን ነው፤ ቀይ መስመር በቀይ ብርሃን ሲታይ ነጭ ይመስላል፤ ማሽኑም ባዶ ወረቀት ነው ብሎ ያልፈዋል። ጥቁር በነጭ ላይ አሳትሙ። በኮዱ ዙሪያ ባዶ ነጭ ቦታ ተዉ፤ ለኪውአር በአራቱም ጎን የአራት ትንንሽ ካሬዎች ስፋት ያህል ያስፈልገዋል። ማሩን በጠርሙስ የምትሸጡ ደግሞ ኮዱ ከጠርሙሱ ጋር ዞሮ እንዳይሸሽ አነስ አድርጋችሁ መካከል ላይ ለጥፉት።

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ተነሣ፤ ሁለቱን ከነመልሳቸው እጽፋለሁ።

አንድ የሱቅ ባለቤት፣ «ባለ ቀይ መስመር ስካነሬ ደኅና ይሠራል፤ አሁን ልጣለው ወይ?» ብለው ጠየቁ። አይጣሉት፣ ጋሼ። እርሱ በመስመር የሚጠርግ ስለሆነ አራት ማዕዘኑን ፈጽሞ አያነብም፤ ባርኮዱን ግን ነገም ያነባል። ሲበላሽ በምትኩ የሚገዙት ሁለቱንም የሚያነበውን ባለ ካሜራውን ይሁን፤ ከመክፈልዎ በፊትም የሽያጭ ፕሮግራምዎ ከኮዱ ውስጥ የማብቂያ ቀኑን ለይቶ መውሰድ ይችል እንደሆነ ሻጩን ዓይንዎ እያየ ያስሞክሩት።

አንዲት የባልትና ባለሙያ እናት ደግሞ፣ «ደንበኞቼ ከቅዳሜ ገበያ የሚመጡ ናቸው፤ አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ስልክ የላቸውም፤ ለእነርሱስ?» አሉ። እማማ፣ ለእነርሱ በፊደል የተጻፈው መለያ ነው ዋናው፤ አራት ማዕዘኑ በርሱ ቦታ አይገባም። ስሙ፣ ክብደቱ፣ ባቹና ቀኑ በዓይን እንዲነበብ በጉልህ ይጻፍ። ቀኑንም በቁጥር ብቻ አይተዉት፤ የወሩን ስም በፊደል ይጻፉት፤ «መጋቢት 6 ቀን 2019 ዓ.ም.» ብለው ከሥሩ ደግሞ የአውሮፓውያኑን ቀን እ.ኤ.አ. ብለው ያስከትሉበት። ይህን ለማድረግ ማሽን መግዛት አያስፈልግዎትም፤ ከሚቀጥለው እሽግ መጀመር ይችላሉ።